ብዙው ቀለም የት ነው ያለው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ «ፖሊክሮማቲክ» እና ዘመዶቹ

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች ስድስቱ፣ ጸሐፊዎቻቸው ሳይተዋወቁ፣ አንድ የቃል ቤተሰብ ላይ ተገናኝተዋል። አንዷ ቃሉን ያገኘችው ከላቦራቶሪ ወረቀት ላይ ነው፤ ሌላው ከክፍል ውስጥ፣ ሌላው ከኦፓል ገበያ። ሥሩ ግሪክ ነው፤ «ፖሊ» ብዙ፣ «ክሮማ» ቀለም። መዝገበ ቃላቱ «ባለ ብዙ ቀለም» ብሎ ይገላገላል፣ ውዝግቡ ግን የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው። የደም መርማሪው፣ የፊዚክስ መምህሩና የከበረ ድንጋይ ነጋዴው ብዙ ቀለም ሲሉ ቀለሙ ያለበት ቦታ ለየቅል ነውና። መልሶቻችንን ስታነቡ ይህችን አንዲት ጥያቄ ያዙልን፦ ብዙው ቀለም የት ነው ያለው? ነገሩ ላይ ነው፣ ብርሃኑ ውስጥ ነው፣ ማቅለሚያው ላይ ነው ወይስ ከምናይበት አቅጣጫ?

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጄ ወባ ይዞት ታክሞ ተሽሎታል። በሳምንቱ ለክትትል ደሙ ሲታይ ወረቀቱ ላይ «ፖሊክሮሜዥያ» የሚል ቃል ተጽፎ አየሁ። ትርጉሙን ሳስፈልግ «ባለ ብዙ ቀለም» ነው አሉኝ። የሰው ደም ቀይ ብቻ አይደለም እንዴ? ካንሰር ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። (እናት፣ ከአርባ ምንጭ)

መልስ፦ የልጅዎ ደም ቀይ ነው። ብዙው ቀለም የመጣው ከማቅለሚያው ነው። የላቦራቶሪ ባለሙያው አንዲት ጠብታ ደም ስላይድ ላይ ስስ አድርጎ ይዘረጋል፣ ያደርቃል፣ በሜታኖል ያጸናል፣ ከዚያ ጂምሳ ወይም ራይት በሚባል ማቅለሚያ ያቀልመዋል። እነዚህ ማቅለሚያዎች በውስጣቸው ሁለት ጠባየ ተቃራኒ ቀለሞች አሉ፤ አንዱ ኢዮሲን የሚባለው ሮዝ፣ ሌላው አዙር የሚባለው ሰማያዊ። የበሰለ ቀይ የደም ሕዋስ በሄሞግሎቢን የታጨቀ ስለሆነ ኢዮሲኑን ብቻ ይጠጣና ሮዝ ሆኖ ይታያል። ገና ከአጥንት መቅኒ የወጣው ለጋ ሕዋስ ግን ሄሞግሎቢኑን የሠራበት አርኤንኤ ከውስጡ ተጠርጎ አላለቀም። አርኤንኤ ደግሞ ሰማያዊውን ይስባል። ሁለቱ ቀለሞች አንድ ሕዋስ ላይ ሲደራረቡ ወደ ግራጫ ያደላ ወይን ጠጅ መልክ ይወጣል። የቃሉ ረጅም ስም «ፖሊክሮማቶፊሊያ» ነው፤ ብዙ ቀለም ወዳድነት እንደማለት።

እነዚህ ለጋ ሕዋሶች ሬቲኩሎሳይት ይባላሉ። ከበሰሉት ጥቂት ይገዝፋሉ፤ ደም ውስጥ አንድ ቀን ያህል ቆይተው በስለው ይቀላቀላሉ። ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ያህል ስለሚኖር፣ ጤነኛ አዋቂ ሰው ደም ውስጥ የለጋዎቹ ድርሻ ከ0.5 እስከ 2.5 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ መርማሪው ስላይዱን እያንቀሳቀሰ አልፎ አልፎ አንድ ቢያይ አይገርመውም። «ፖሊክሮሜዥያ» ብሎ የሚጽፈው ከወትሮው በርከት ብለው ሲያገኛቸው ነው።

ወባ ቀይ ሕዋሶችን ያፈርሳል፤ ሕመሙ ሳለም መቅኒውን ይጫነዋል። ወባው ሲለቅ መቅኒው እጁን ይፈታና የጎደለውን ለመሙላት ለጋዎቹን ይለቃል። በሳምንቱ ፖሊክሮሜዥያ መታየቱ ታዲያ የሚጠበቅ ነው፤ መቅኒው ሥራ ላይ መሆኑን ነው የሚናገረው። ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው ላይም ይታያል። በብረት እጥረት ደም አንሶት የብረት ክኒን የጀመረ ሰውም ከ7 እስከ 10 ባለው ቀን ለጋዎቹ ይበዙለታል። ሐኪሞች መድኃኒቱ መሥራቱን የሚያውቁበት አንዱ መንገድ ይኸው ነው።

ቃሉ ብቻውን የበሽታ ስም አይደለም፤ ትርጉሙ የሚወሰነው አጠገቡ በተጻፈው ቁጥር ነው። ሄሞግሎቢኑ ከሳምንት ሳምንት እየጨመረ ከሆነ ጥሩ ነው። ለጋዎቹ በዝተው ሳለ ሄሞግሎቢኑ የሚወርድ ከሆነ ግን አንድ ነገር ሕዋሶቹን እያፈረሳቸው ነው። በተለይ ልጅዎ ፕሪማኩን የሚባለው የወባ መድኃኒት ታዞለት ከነበረ፣ ሽንቱ እንደ ጥቁር ሻይ ከጠቆረ ወይም የዓይኑ ነጭ ቢጫ ከሆነ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ይውሰዱት። ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም የሚያንሳቸው ልጆች በዚህ መድኃኒት ደማቸው ሊፈርስ ይችላል።

ሐኪሙ እርግጠኛ መሆን ከፈለገ «ሬቲኩሎሳይት ካውንት» ያዛል። እኩል መጠን ያለው ደምና ኒው ሜቲሊን ብሉ የሚባል ቀለም ተቀላቅሎ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቆያል፤ ከዚያ 1000 ቀይ ሕዋሶች ተቆጥረው ከመሃላቸው ለጋዎቹ ስንት እንደሆኑ ይመዘገባል። ደም ያነሰው ሰው ላይ የሚገኘው መቶኛ እንዳለ ከተወሰደ ያታልላል፤ የበሰሉት ስላነሱ ብቻ ለጋዎቹ የበዙ ይመስላሉ። ስለዚህ ይስተካከላል። ለምሳሌ ሬቲኩሎሳይቱ 5 በመቶ፣ ሄማቶክሪቱ (ቀይ ሕዋሶች ከደሙ የያዙት ድርሻ) 27 በመቶ ቢሆን፣ 5 በ27 ተባዝቶ እንደ ጤነኛ ልክ ለሚወሰደው 45 ሲካፈል 3 በመቶ ይሆናል።

ለላቦራቶሪ ባልደረቦች አንድ ነገር እናክል። የሐሰት ፖሊክሮሜዥያ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከበፈሩ (ማቅለሚያው ከሚቀጥንበት ፈሳሽ) ፒኤች፣ ማለት ከአሲድነቱ ልክ ነው። ለሕዋስ ቅርጽ 6.8 ይመረጣል፤ ለወባ ተህዋሲ 7.2። በወባ አካባቢ በፈሩ ብዙ ጊዜ 7.2 ስለሚሆን፣ ሕዋሶቹ በጠቅላላ ወደ ሰማያዊ ያደላሉ። መለያው ቀላል ነው። በማይክሮስኮፑ መስክ ላይ ያሉት ቀይ ሕዋሶች ሁሉ ሰማያዊ ከመሰሉ ጥፋቱ የማቅለሚያው ነው። እዚህም እዚያም አንድ አንድ፣ ከጎረቤቶቹ የሚገዝፍ ሰማያዊ ግራጫ ካለ ግን እውነተኛ ነው። ስላይዱ ላይ የተዘረጋው ደም የወፈረበትን ቦታ አይመኑ፤ ሕዋሶቹ እምብዛም ሳይነባበሩ የተዘረጉበትን ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ ኦፕቲክስ ሳስተምር «ነጭ ብርሃን ፖሊክሮማቲክ ነው» ስል ተማሪዎቼ «መምህር፣ ነጭ አንድ ቀለም ነው» ይሉኛል። ፕሪዝም የለንም። በምን ላሳያቸው? «ባለ ብዙ ቀለም ብርሃን» የሚለው ትርጉምስ ልክ ነው? (መምህር፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ተማሪዎችዎ ያዩትን ነው የተናገሩት፤ የሚከራከሩት ከዓይናቸው ጋር ሳይሆን ከትርጉሙ ጋር ነው። ፊዚክስ «ክሮማ» ሲል የሞገድ ርዝመት ማለቱ ነው። ሞኖክሮማቲክ አንድ የሞገድ ርዝመት፣ ፖሊክሮማቲክ ብዙ። ዓይናችን ግን የሞገድ ርዝመት አይቆጥርም። ሦስት ዓይነት ተቀባይ ሕዋሶች ብቻ ስላሉት፣ የመጣለትን ሁሉ አቀላቅሎ አንድ ቀለም አድርጎ ያቀርብልናል። ስለዚህ ለሚያስረዱት «ባለ ብዙ ሞገድ ርዝመት» ይበሉ፤ ለስሙ ፖሊክሮማቲክን እንዳለ ይተዉት። «ባለ ብዙ ቀለም ብርሃን» የሰርግ አዳራሽ መብራት ነው የሚያስመስለው።

በነጭ ከመጀመርዎ በፊት ቢጫን ያስቀድሙ። የመንገድ ሶዲየም መብራት ቢጫነቱ የሚመጣው 589 ናኖሜትር አካባቢ ካለ ብርሃን ነው። የስልክ ስክሪን ላይ ያለው ቢጫ ግን ቢጫ ሞገድ የሚባል የለውም፤ ቀይና አረንጓዴ ጎን ለጎን በርተው ዓይናችንን አታለውት ነው። ይህን ለማሳየት ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ያጋድሙ፣ ሙሉ ቢጫ ምስል ይክፈቱ፣ በስፒል ጫፍ የጤፍ ቅንጣት የምታህል የውሃ ጠብታ ስክሪኑ መሃል ላይ ያኑሩ፤ ከድምፅ ማውጫው ቀዳዳ ይራቁ። ጠብታዋ ማጉያ መነጽር ትሆናለች፤ በውስጧ ቀይና አረንጓዴ ነጥቦች ብቻ ይታያሉ። ምስሉን ወደ ነጭ ሲቀይሩት ሰማያዊው ይጨመራል። ጠብታዋ ካበጠች ግን ታደበዝዛለች፤ በትንሿ ይጀምሩ።

ከዚያ ወደ ሲዲው። የሲዲ ገጽ ላይ በ1.6 ማይክሮሜትር ርቀት የተደረደሩ መስመሮች አሉ፤ በአንድ ሚሊሜትር 625 መሆናቸው ነው፣ ለትምህርት ቤት በቂ ግሬቲንግ (ብርሃንን በሞገድ ርዝመቱ የሚበትን የመስመር ድርድር)። የጫማ ካርቶን ይውሰዱ። በአንደኛው ጠባብ ጎን ላይ ሁለት ምላጮች አፍ ለአፍ ገጥመው በፕላስተር ይለጥፉ፤ በመካከላቸው የሚቀረው ክፍተት ከግማሽ ሚሊሜትር አይብለጥ። በትይዩው ጫፍ ሲዲውን 60 ዲግሪ ያህል አጋድመው ያቁሙ፣ ከሲዲው በላይ ክዳኑ ላይ የዓይን ቀዳዳ ይብሱ። የሲዲው መስመሮች ዙሪያውን ስለሚሄዱ፣ ብርሃኑ የሚያርፍበት ቦታ ላይ መስመሮቹ ከምላጩ ክፍተት ጋር ትይዩ እንዲሆኑ ሲዲውን ዞር ዞር ያድርጉት። ካርቶኑ የሚያፈስበትን ሁሉ በጥቁር ፕላስተር ይድፈኑ።

ከክፍተቱ ፊት የተለያዩ መብራቶችን ያፈራርቁ። አሮጌው ባለ ክር አምፖል ከቀይ እስከ ወይን ጠጅ ሳይቋረጥ የተዘረጋ ገበታ ይሰጣል። ነጭ ኤልኢዲ ውስጡ ሰማያዊ አመንጪና ቢጫ ዱቄት ስለሆነ፣ ደማቅ ሰማያዊ፣ ከዚያ 480 ናኖሜትር አካባቢ ደብዘዝ ያለ ሸለቆ፣ ከዚያ ሰፊ አረንጓዴና ቀይ ይታያል። የፍሎረሰንት ዘንግ ግን የተነጣጠሉ መስመሮች ነው የሚያሳየው፤ 436 ላይ ያለው ሰማያዊና 546 ላይ ያለው አረንጓዴ የሜርኩሪ ናቸው። ሦስቱም ለዓይን ነጭ ናቸው፤ ሦስቱም ፖሊክሮማቲክ ናቸው፤ ሦስቱ ግን አንድ አይደሉም። ተማሪው ይህን ካየ ክርክሩ ያልቃል።

የማይሳካባቸው ምክንያቶች ጥቂት ናቸው። ክፍተቱ ከሰፋ ቀለሞቹ ይደራረቡና የፍሎረሰንቱ መስመሮች ይጠፋሉ። ክፍተቱ ከሲዲው መስመር ጋር ካልተስማማ ሁሉም ይደፈርሳል። ዲቪዲ መስመሩ 0.74 ማይክሮሜትር ስለሆነ ቀለሙን አብልጦ ይበትናል፤ ቀዳዳውን ግን እንደገና መብሳት ያስፈልጋል። ካርቶኑን ወደ ፀሐይ ማዞር ፈጽሞ ክልክል ነው፤ የደመና ሰማይ ወይም ፀሐይ ያረፈበት ነጭ ግድግዳ ይበቃል። ሌዘርንም በቀጥታ ወደ ሳጥኑ አያስገቡ፤ ነጭ ወረቀት ላይ አብርተው ወረቀቱን በሳጥኑ ይዩ። አንድ ነጠላ መስመር ይታያል።

ፍጹም ሞኖክሮማቲክ የሚባል ብርሃን ግን እንደሌለ ለጎበዞቹ ይንገሩ። የሶዲየም ብርሃን ራሱ 589.0 እና 589.6 የሆኑ ሁለት መስመሮች አሉት።

ጥያቄ፦ ራጅ አይታይም፤ ቀለምም የለውም። መምህራችን ግን «የራጅ ጨረር ፖሊክሮማቲክ ነው» ይላሉ። (የራዲዮግራፊ ተማሪ፣ ከጎንደር)

መልስ፦ ቃሉ ከብርሃን ትምህርት የተዋሰ ነው፤ «ቀለም» እዚህ ጉልበት ነው። ቲዩቡን በ80 ኪሎቮልት ሲያነሡ የሚወጡት ፎቶኖች (የጨረር ቅንጣቶች) ሁሉ 80 ኪሎኤሌክትሮንቮልት ጉልበት አይኖራቸውም፤ ከዝቅተኛው እስከ 80 ያለው ሁሉ ተደባልቆ ይወጣል። ደካሞቹ የታካሚው ቆዳ ላይ ይቀራሉ እንጂ ፊልሙ ጋ አይደርሱም፤ ለምስሉ ሳይጠቅሙ ሰውየው የሚቀበለውን ጨረር ብቻ ይጨምራሉ። አልሙኒየም ማጣሪያው የሚገባው ለዚህ ነው፤ ከ70 ኪሎቮልት በላይ ለሚሠራ ማሽን ጠቅላላ ማጣሪያው ቢያንስ የ2.5 ሚሊሜትር አልሙኒየም ያህል ይሆናል። በሲቲ ስካን ላይ ይኸው ድብልቅነት ሌላ ጣጣ ያመጣል። ጨረሩ በወፍራም አካል ውስጥ ሲያልፍ ደካሞቹ እየተለቀሙ የቀረው «ይጠነክራል»፤ ማሽኑ ካላረመው የምስሉ መሃል ያለአግባብ ይጠቁራል። «ፖሊኢነርጄቲክ» የሚሉም አሉ፤ እኛም ይህን እንመርጣለን፤ ቀለም የሚለውን ግራ መጋባት ያስቀራል።

ጥያቄ፦ በሙቀቱ ወራት አንገቴና ደረቴ ላይ ነጣ ነጣ ያለ ነገር ወጣብኝ። ሐኪሟ «ቲኒያ ቨርሲከለር» አለችኝ። አብራኝ የምትሠራዋ ፊሊፒናዊት ላይ ግን ያው ስም ተሰጥቶት ቡናማ ነው። እንዴት አንድ በሽታ ሁለት መልክ ይኖረዋል? ይጋባል እንዴ? (አንባቢ፣ ከጅዳ)

መልስ፦ አገር ቤት ቋቁቻ የምንለው ነው። «ቨርሲከለር» ላቲን ነው፤ «ቨርቴሬ» መዞር፣ መለወጥ፣ «ኮሎር» ቀለም። ቀለሙ የሚለዋወጥ ማለት ነው እንጂ አንድ ሰው ላይ ብዙ ቀለም ያለው ማለት አይደለም። ጠየም ያለ ቆዳ ላይ ብዙውን ጊዜ ይነጣል፤ ነጣ ያለ ቆዳ ላይ ቡናማ ወይም ሮዝ ይሆናል። የአንድ ሰው ቋቁቻም ከወቅት ወቅት መልኩን ሊቀይር ይችላል። ስሙ ለእርስዎና ለጓደኛዎ ተብሎ የወጣ ነው የሚመስለው።

አምጪው ማላሴዚያ የሚባል እርሾ መሰል ፈንገስ ነው፤ ማንኛውም ጤነኛ ሰው ቆዳ ላይ ቅባት እየበላ ይኖራል። ሙቀት፣ ላብና እርጥበት ሲበዛ ይራባና መልኩን ለውጦ ቆዳውን ያውካል። የሚያነጣው የሚያመነጨው አሲድ ሜላኒን የሚሠራውን ኢንዛይም ስለሚይዝ ነው። በነካኩት አይጋባም፤ የንጽሕና ጉድለትም አይደለም። «ቲኒያ» የሚለው ስም ራሱ የቆየ ስሕተት ነው፤ ቲኒያ የጭርት ዘመዶች ስም ስለሆነ «ፒቲሪያሲስ ቨርሲከለር» ይሻላል።

በጥፍርዎ ቀስ ብለው ፋቅ ቢያደርጉት ደቃቅ ፎረፎር መሰል ቅርፊት ይነሣል። ሐኪም ይህን ቅርፊት በ10 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ አድርጎ በማይክሮስኮፕ ሲያየው አጫጭር ክሮችና ክብ ክብ ሕዋሶች ተደባልቀው ያገኛል።

ሕክምናው ርካሽ ነው፤ ሰው የሚሳሳተው ግን አቀባቡ ላይ ነው። 2 በመቶ ኬቶኮናዞል ሻምፑ ከሆነ እርጥብ ቆዳ ላይ፣ የነጣው ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን ሰፋ አድርገው ይቀቡ፣ 5 ደቂቃ ይቆዩ፣ ይታጠቡ፤ በቀን አንዴ እስከ 5 ቀን። 2.5 በመቶ ሴሌኒየም ሰልፋይድ ከሆነ 10 ደቂቃ፣ ለ7 ቀን። ነጩ ነጥብ ላይ ብቻ ጠብ ጠብ የሚያደርግ ሰው በወሩ ይመለስበታል። ስቴሮይድ ያለበት ክሬም ማሳከኩን ያበርዳል እንጂ ፈንገሱን ያፋፋዋል። ሎሚና በረኪና ቆዳ ያቃጥላሉ። የኬቶኮናዞል ክኒን ጉበት ስለሚጎዳ ለዚህ አይወሰድም።

ደንግጠው ሕክምናውን እንዳይደጋግሙ አንድ ነገር ይወቁ፦ ፈንገሱ በሳምንታት ውስጥ ይሞታል፣ ቀለሙ ግን ለመመለስ ወራት ይፈጃል። ሲፋቅ ቅርፊት ካልተነሣ ድነዋል፤ የቀረው ጊዜ ነው። በየዓመቱ የሚመለስብዎ ከሆነ ሙቀቱ ሊገባ ሲል ሻምፑውን ለ3 ቀን ማድረግ ይረዳል።

ግን ቅርፊት የሌለው፣ እንደ ወተት የነጣ ከሆነ ለምጽ ሊሆን ይችላል። የነጣው ቦታ በጥጥ ሲነካ የማይሰማ ከሆነ ደግሞ የሥጋ ደዌ ምልክት ሊሆን ስለሚችል በቶሎ ሐኪም ይየው። ቋቁቻ ስሜት አያጠፋም።

ጥያቄ፦ ለፖሊክሮማቲክ አማርኛ የለንም? ኅብረ ቀለም፣ ዝንጉርጉር፣ ጉራማይሌ እያሉን ለምን ባዕድ ቃል? (ተርጓሚ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ቃላቱ አሉን፤ ግን እያንዳንዳቸው ሥራ አላቸው። ዝንጉርጉር ነብር ነው፤ ጣል ጣል ያለ መልክ። ቡራቡሬ ጥቁርና ነጩ በጉልህ የተለያየ፣ ገብስማ ደቅቆ የተደባለቀ፤ ዶሮ ገዝቶ የሚያውቅ ሁሉ ይለያቸዋል። ጉራማይሌ ተራ በተራ የገባ ነው፣ ንግግር ላይም ይሠራል። እነዚህ ሁሉ የሚናገሩት ገጽ ላይ ስለተቀመጠ ቀለም ነው። ፖሊክሮማቲክ ብርሃን ገጽ የለውም። «ኅብር» በግዕዝ ራሱ ቀለም ማለት ነው፤ የዮሴፍ ቀሚስ በብዙ ኅብር ያጌጠችው ለዚህ ነው። «ኅብረ ቀለም» ለሥዕልና ለሐውልት ፖሊክሮሚ ያምራል፤ የጥንት ግሪክ እብነ በረድ ሐውልቶች ቀለም የተቀቡ ነበሩ፣ እነሱን «ባለ ኅብረ ቀለም» ብንላቸው አንሳሳትም። ለደምና ለጨረር ግን የውጭውን ስም ይያዙና አጠገቡ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያብራሩ።

ጥያቄ፦ አንድ ገዥ ኦፓሌን እያዟዟረ «ፕሊዮክሮይክ ነው» አለ፤ ጓደኛው «አይደለም፣ ፕሌይ ኦፍ ከለር ነው» አለው። ልዩነቱ ዋጋ ላይ ለውጥ አለው? ደግሞስ ላሳየው ብዬ ውሃ ውስጥ ብነክረው ቀለሙ ጠፋ። ተበላሸ ወይ? (የኦፓል ነጋዴ፣ ከወገልጤና)

መልስ፦ ጓደኛው ልክ ነው። ፕሊዮክሮይዝም ከግሪክ «ፕሌዮን» የበለጠ እና «ክሮስ» ቀለም የመጣ ነው። የሚነገረው ለክሪስታል ብቻ ነው፤ ብርሃን በክሪስታሉ ውስጥ በአንዱ አቅጣጫ ሲያልፍ አንድ ቀለም ይዋጣል፣ በሌላው ሲያልፍ ሌላ። ድንጋዩ ሁሉ በአንድ ላይ መልኩን ይቀይራል። ኦፓል ግን እንዲህ ያለ ክሪስታል አይደለም፤ ሲሊካና ውሃ ነው። ውስጡ ከናኖሜትር መቶዎች በማይበልጡ የሲሊካ ሉሎች የተሞላ ሆኖ፣ ሉሎቹ እንደ ብርቱካን ክምር በሥርዓት ከተደረደሩ ብርሃኑን እንደ ሲዲው ይበትኑታል። ስለዚህ ሲያዘነብሉት የቀለሙ እሳት ከቦታ ቦታ ይዘላል፤ «ፕሌይ ኦፍ ከለር» የሚባለው ይኸው ነው። ሉሎቹ ትንንሽ ከሆኑ ሰማያዊና ወይን ጠጅ ብቻ ይሰጣሉ፤ ቀይ እንዲወጣ ተለቅ ማለት አለባቸው። ቀይ እሳት ያለው የሚወደደው ለዚህ ነው። ፕሊዮክሮይክ መባሉ ለኦፓል ዋጋ ምንም አይጨምርም፤ ቃሉን የተጠቀመው ገዥ ግን ድንጋይ ከማወቁ በፊት ቃል እንደተማረ ይጠርጥሩ።

ቃሉ የሚጠቅምዎ ሌላ ድንጋይ ሲመጣ ነው። ከሻኪሶ በኩል የሚወጣው ኤመራልድ ዳይክሮይክ ነው፤ በአንዱ በኩል ወደ ሰማያዊ ያደላ አረንጓዴ፣ በሌላው ወደ ቢጫ ያደላ አረንጓዴ። ከአክሱም አካባቢ ከጭላ የሚመጣው ሳፋየርም ሰማያዊና አረንጓዴ ሰማያዊ ያሳያል። የታንዛኒያው ታንዛናይት ሦስት ቀለም አለው፤ ከተጠበሰ ግን ቡናማው ይጠፋል። ብርጭቆ፣ ጋርኔትና ስፒኔል ምንም አያሳዩም። ስለዚህ «ሩቢ ነው» ተብሎ ቀይ ጋርኔት፣ «ኤመራልድ ነው» ተብሎ አረንጓዴ ብርጭቆ ሲመጣብዎ በደቂቃ ይለያሉ።

መሣሪያው ዳይክሮስኮፕ ነው፤ የጣት ያህል ቱቦ፣ ውስጡ ካልሳይት የሚባል ማዕድን። ከጀርባ በነጭ ብርሃን አብርተው ድንጋዩን ጫፉ ላይ ያስጠጉና ይመልከቱ፤ ሁለት ትንንሽ መስኮቶች ይታያሉ። ድንጋዩን ቀስ ብለው ሲያዞሩ በሁለቱ መስኮቶች ያሉት ቀለሞች ይለያያሉ፣ 90 ዲግሪ ሲዞር ይቀያየራሉ። መሣሪያው ከሌለዎ የኮምፒውተር ኤልሲዲ ስክሪን ነጭ ገጽ ይክፈቱ፤ ከስክሪኑ የሚወጣው ብርሃን ፖላራይዝድ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚርገበገብ) ስለሆነ፣ ድንጋዩን አስጠግተው ሲያዞሩት ራሱ ቀለሙን ይለዋውጣል። ስልኮች ብዙዎቹ ኦሌድ የሚባል ሌላ ዓይነት ስክሪን ስላላቸው ለዚህ አይታመኑም።

በአንድ አቅጣጫ ብቻ አይተው አይፍረዱ። እያንዳንዱ ዳይክሮይክ ክሪስታል በውስጡ አንድ የተደበቀ መስመር አለው፤ በዚያ መስመር ካዩት ልዩነቱ ይጠፋል። ቢያንስ በሦስት አቅጣጫ ይዩ። ፈዘዝ ያለ ድንጋይ ልዩነቱም ይፈዛል። ግማሹ ደማቅ ግማሹ ፈዛዛ የሆነ ድንጋይም ያሳስታል፤ ያ ቀለሙ ያልተዳረሰ ክሪስታል ነው፣ ሲያዞሩትም ቦታውን አይለቅም።

ወደ ነከሩት ኦፓል እንመለስ። አልተበላሸም። የወሎ ኦፓል ሃይድሮፌን ነው፤ ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ ውሃ ይጠጣል። ውሃው በሉሎቹ መሃል ያለውን ክፍተት ሲሞላ በሉሉና በክፍተቱ መካከል ያለው ልዩነት ይጠባል፤ ብርሃኑ አይበተንም፣ ድንጋዩ እንደ ብርጭቆ ይሆናል። ክብደቱም ይጨምራል። ስለዚህ ሲገዙ እርጥብ ድንጋይ በሚዛን አይግዙ፤ ከተቻለ በሁለት ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ይመዝኑ። ይህ ጠባዩ ሌላም በር ይከፍታል፤ ቀለም ይጠጣል። በገበያ የሚታየው ድፍን ወይን ጠጅ ወይም ደማቅ ሰማያዊ የወሎ ኦፓል ብዙውን ጊዜ የተቀለመ ነው፤ ጥቁሩም አንዳንዴ በጭስ የጠቆረ ነው። በማጉያ ሲያዩት ቀለሙ ስንጥቅ ላይ ከተጠራቀመ ይጠራጠሩ። በቡና፣ በዘይት፣ በሽቶና በሳሙና አጠገብም አያስቀምጡት፤ የጠጣውን እንደ ውሃ አይመልስም።

የነከሩትን ከውሃው አውጥተው በጨርቅ ያድርቁና ጥላ ውስጥ፣ ወረቀት ላይ ይተዉት። ፀሐይ ላይ አያስጡት፣ በፀጉር ማድረቂያም አይንፉት፤ ላዩ ከውስጡ ቀድሞ ከደረቀ ይሰነጠቃል። እንደ ውፍረቱ ከቀናት እስከ ሳምንታት ይወስዳል። በመካከሉ ድፍን ነጭ፣ ወተት መስሎ ሲያዩት ሞተ ብለው በርካሽ እንዳይለቁት፤ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው።